የቤት ኮምፒዩተር ፈቃድ ሲጠይቅ

ለአንድ ቤተ ሰብ ከሚያስፈልገው ዕቃ መካከል ላፕቶፕ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ዛሬ ከፍ ያለ ስፍራ ይዟል። ቀድሞ የቤቱ ጌታ ውሉንና ደረሰኙን በሣጥን፥ እመቤቲቱ የሠርጉንና የክርስትናውን ፎቶግራፍ በአልበም፥ ልጆች ትምህርታቸውን በደብተር ያኖሩ ነበር። አሁን ግን ይህ ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ መኪና ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ስለዚህ መኪናው አንድ ቀን ሲታወክ የሚታወከው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ ይታወካል። በዛሬው ዓምዳችን የምንናገረው በብዙ ቤት ስለሚታየው፥ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይመረመር በችኮላ ስለሚታለፈው አንድ እክል ነው። ይኸውም ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮግራም ፈቃዱ አልተረጋገጠም ብሎ ባለቤቱን ሲጠይቅ ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው።

በሰንጋ ተራ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ አንባቢ በዚህ ጉዳይ ምክር እንድንሰጣቸው ጽፈውልናል። ሰንጋ ተራ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው የሰንጋ ገበያ የነበረ ስፍራ ነው። ዛሬ ግን የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች የቆሙበት፥ በ1935 ዓ. ም. የተቋቋመውና አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የሆነው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚገኝበት፥ በ2009 ዓ. ም. መጨረሻ ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶችም የተሠሩበት የልደታ ሰፈር ነው። እንግዲህ ከሰንጋና ከበግ ይልቅ ወረቀትና ሒሳብ የሚበዛበት ሰፈር ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር የሌለበት ቤት በዚያ አካባቢ ጥቂት ነው።

ጸሓፊያችን ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን ለሠራተኞቹ ሲሸጥ፥ ሲሠሩበት የኖሩትን ላፕቶፕ በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ይህ የሆነው በሚያዝያ ወር ነበር። ክረምቱን ሁሉ ያለ አንዳች ችግር ሠራ። በጥቅምት ወር ግን ከመስኮቱ በስተ ቀኝ ከታች በኩል «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ ቢጠብቁት የማይጠፋ፥ ቢያጠፉትና ቢያበሩት የሚመለስ ሆነ። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሴት ልጃቸው የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ ባለቤታቸውም የሟች እናታቸውን ፎቶግራፎች ያኖሩት በርሱ ውስጥ ነው።

ልጂቱ «አባባ፥ ጽሑፉን ለማስረከብ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ በፍላሽ የያዘው ፕሮግራም አለ፤ በአምስት ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ አንቲቫይረሱን ብቻ ለጊዜው አጥፉልኝ ይላል» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ በአምስት ደቂቃ የሚያስተካክለውን ማን እንደ ሠራው ሳላውቅ፥ ዘበኛውን አባርሬ በሬን አልከፍትለትም» ብለው መለሱላት። ከዚህ በኋላ ሦስት ጥያቄ ጻፉልን። አንደኛ፥ ጽሑፉና ፎቶግራፉ ይጠፋ ይሆን? ሁለተኛ፥ ደረሰኝ ይዤ በሕግ የገዛሁት ዕቃ ፈቃድ የለህም የሚለኝ ስለ ምንድር ነው? ሦስተኛ፥ የልጁን ፍላሽ ብቀበል ምን ጉዳት አለው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ቀላል ስለ ሆነ ከርሱ እንጀምራለን። ይህ ማስታወቂያ ፋይል አያጠፋም። ፈቃዱ ያልተረጋገጠ ዊንዶውስ በመስኮቱ ላይ ጽሑፉን ያሳያል፤ የመስኮቱን ሥዕልና ቀለም በሴቲንግስ በኩል መለወጥን ይከለክላል፤ ፈቃድ እንዲረጋገጥም ደጋግሞ ያሳስባል። ነገር ግን የተጻፈውን ወረቀት አይሰርዝም፥ ፎቶግራፉንም አይቆልፍም። በብዙ ቤት ጉዳት የሚደርሰው ከማስታወቂያው የተነሣ አይደለም፤ ማስታወቂያውን ለማጥፋት ሲባል በችኮላ ከሚደረገው ነገር ነው። ያለ ቅጂ ፎርማት የተደረገ ዲስክ፥ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም፥ ለማይታወቅ ሰው የተሰጠ የይለፍ ቃል፥ እነዚህ ናቸው የቤተ ሰቡን ሀብት የሚያጠፉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ይህ የፈቃድ ማረጋገጥ ሥራ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የጽሕፈት መኪና በነበረበት ዘመን መኪናውን የገዛ ሰው ሁሉን ገዝቷል፤ ብረቱም ፊደሉም የርሱ ነው። በኮምፒዩተር ግን ብረቱ ሌላ፥ ብረቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሌላ ነው። ብረቱ ይሸጣል፤ ፕሮግራሙን መጠቀም ግን ይፈቀዳል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ. ም. ዊንዶውስ ኤክስፒን ለገበያ ሲያወጣ፥ አንዱ ፈቃድ ከተወሰነለት ቊጥር በላይ በሆኑ መኪናዎች እንዳይሠራበት አክቲቬሽን የተባለውን ማረጋገጫ በቤት ተጠቃሚዎች ዘንድ አስገባ። የፈቃዱ ቁልፍ በአምስት ክፍል የተከፈለ የ25 ፊደልና ቊጥር ድርድር ነው። በ2012 በአውሮፓውያን ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ፥ የታወቁ ፋብሪካዎች ቁልፉን በወረቀት መለጠፍ ትተው በማዘር ቦርዱ ላይ ባለው የማይጠፋ ማስታወሻ ውስጥ ያኖሩት ጀመር። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ደግሞ ዲጂታል ፈቃድ የሚባለው መጣ፤ ይህም ቁልፍ መጻፍ ሳያስፈልግ ኩባንያው የመኪናውን መለያ መዝግቦ የሚያውቅበት መንገድ ነው።

ፈቃዱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንባቢዎቻችን በቶሎ እንዲያስተውሉት በአገራችን የቀድሞ የመሬት ሥሪት እንመስለዋለን። በሱቅ ለብቻው የተገዛ ፈቃድ እንደ ርስት ነው፤ ባለቤቱን ይከተላል፥ ከአሮጌው መኪና ተነሥቶ ወደ አዲሱ ሊዛወር ይችላል። ከፋብሪካ ከመኪናው ጋራ የመጣው ፈቃድ እንደ ቤቱ ግድግዳ ነው፤ ከመኪናው አይለይም፥ መኪናው ሲሸጥ አብሮት ይሸጣል፥ ማዘር ቦርዱ ሲለወጥም ችግር ይገጥመዋል። ለመሥሪያ ቤት በብዛት የተሰጠ ፈቃድ ግን እንደ ማደሪያ መሬት ነው፤ በሹመት ላይ እስካሉ ድረስ ይበላል፥ ከሹመት ሲወጡ ይቀራል።

የሰንጋ ተራው አንባቢያችን ነገር ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበረ። ብዙ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ለብቻው ከማረጋገጥ ይልቅ፥ በግቢው ውስጥ ኬ ኤም ኤስ የሚባል አንድ ፈቃድ ሰጪ ሰርቨር ያቆማል። ሠራተኞቹ የሚሠሩባቸው ኮምፒዩተሮች ከዚህ ሰርቨር የ180 ቀን ፈቃድ ይቀበላሉ፤ በየ7 ቀኑም እየተመለሱ ያሳድሱታል። ከግቢው የወጣ ኮምፒዩተር ግን የሚያሳድስለት ስለሌለ፥ መጨረሻ ከተቀበለው ቀን ጀምሮ 180ው ቀን ሲፈጸም ፈቃዱ ያልቃል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ስድስት ወር ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። በሴቲንግስ ገጽ ላይ የወጣው የእክሉ ቊጥርም «ዜሮ ኤክስ ሲ 004 ኤፍ 074» የሚል ነበረ፤ ትርጓሜውም ፈቃድ ሰጪውን ሰርቨር ላገኘው አልቻልሁም ማለት ነው። እንግዲህ መኪናው አላበደም፥ ደረሰኙም ሐሰት አይደለም። መኪናው የቀድሞ ጌታውን ቤት እየፈለገ ነበር።

ይህ ዓይነቱ እክል በየቤቱ ሲያጋጥም እንዴት እንደሚመረመር በተራ እንናገራለን። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከቀላሉና ወጪ ከሌለው መጀመር ይገባል።

አንደኛ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ ሰቡን ሰነድና ፎቶግራፍ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። የተገለበጠውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቈጠርምና። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተቆለፈ እንደ ሆነ፥ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቊጥር ሳይይዙ ወደ ሌላ ሥራ ማለፍ አይገባም። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ እንዲህ የተቆለፈ ነው።

ሁለተኛ፥ ማስታወቂያው የሚለውን ማንበብ ነው። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ከዚያም ሲስተም ከዚያም አክቲቬሽን የሚለውን፥ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ሴቲንግስ ከዚያም አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ከዚያም አክቲቬሽን የሚለውን መክፈት ይበቃል። በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር በወረቀት ይጻፋል፤ የዊንዶውሱ ዓይነት ሆም፥ ፕሮ፥ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤጁኬሽን መሆኑና የእክሉ ቊጥር። ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ምክር የሚሰጥ ሰው፥ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ሦስተኛ፥ ቀኑንና ሰዓቱን መመልከት ነው። ይህ በኛ አገር ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚያሳስት ነገር አለበት። እኛ ዘመናችንን ከአውሮፓውያን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ዝቅ አድርገን እንቈጥራለን፤ ሰዓታችንንም ከንጋት ስለምንጀምር በስድስት ሰዓት እንለያያለን። ኮምፒዩተሩ ግን ፈቃድ ሲጠይቅ የሚሠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። አንድ ሰው በቅን ልብ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ያስገባ እንደ ሆነ፥ መኪናው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የኩባንያው ሰርቨር የሚያቀርበውም የማንነት ማስረጃ ገና ጊዜው ያልደረሰ መስሎ ስለሚታየው አልቀበልም ይላል። ከዚህ የተነሣ የሚወጣው ቊጥር ብዙ ጊዜ «ዜሮ ኤክስ 80072 ኤፍ 8 ኤፍ» ነው። መድኃኒቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን ማስገባት፥ ሰዓቱንም ከጧቱ ሦስት ሰዓት 9፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት 14 ብሎ ማስተካከል ነው። የሰዓት ክልሉም ከዝርዝሩ ውስጥ ናይሮቢ የሚለውን መምረጥ ነው፤ አዲስ አበባና ናይሮቢ በአንድ ሰዓት ላይ ናቸውና። ቀኑ ተስተካክሎ መኪናው በጠፋ ቊጥር ተመልሶ የሚዛባ እንደ ሆነ፥ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሿ የሳንቲም ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። እርሷን ማስለወጥ ቀላል ሥራ ነው።

አራተኛ፥ ኢንተርኔቱን መፈተን ነው። ፈቃድ የሚረጋገጠው ከኩባንያው ሰርቨር ጋራ በመገናኘት ስለ ሆነ፥ መሥመሩ በሚቈራረጥበት ሰዓት የታየ እክል ራሱን የቻለ በሽታ ላይሆን ይችላል። በቤቱ መሥመር ያልተሳካው በስልክ ኢንተርኔት ሊሳካ ይችላልና በሁለቱም መሞከር መልካም ነው።

አምስተኛ፥ ዓይነቱና ፈቃዱ መስማማታቸውን ማየት ነው። በብዙ ቤት ያለው እክል ከዚህ የመጣ ነው። መኪናው ከፋብሪካ የመጣው በሆም ፈቃድ ሲሆን፥ አንድ ባለሙያ ሲያድሰው ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ጭኖበት ይገኛል። እንዲህ ሲሆን በማዘር ቦርዱ ውስጥ ያለው የሆም ቁልፍ ለፕሮ አይሠራም። ትክክለኛው ዓይነት ተመልሶ ቢጫን ግን ቁልፉን ራሱ አንብቦ ያለ አንዳች ወጪ ይረጋገጣል። የቤት ሰው የተከፈለበትን ፈቃድ በቤቱ እያኖረ ሌላ ፈቃድ ፍለጋ የሚንከራተተው ይህን ባለማወቅ ነው።

ስድስተኛ፥ በቅርብ ጊዜ የተለወጠ ዕቃ መኖሩን ማስታወስ ነው። ማዘር ቦርዱ የተለወጠ እንደ ሆነ መኪናው በኩባንያው መዝገብ ሌላ መኪና መስሎ ይታያል፤ ቊጥሩም «ዜሮ ኤክስ ሲ 004 ኤፍ 211» የሚል ይሆናል። ከ2016 በአውሮፓውያን ወዲህ ዲጂታሉን ፈቃድ ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ጋራ ማያያዝ ይቻላል። አስቀድሞ ያያያዘ ሰው በአክቲቬሽን ገጽ ላይ ትራብልሹት የሚለውን ተጭኖ ዕቃ መለወጡን በማስታወቅ፥ የፈቃዱ ዓይነት ይህን የሚፈቅድ ሲሆን፥ ሊያስመልሰው ይችላል። ያላያያዘ ግን ይቸገራል። ስለዚህ መኪናው ጤነኛ ሳለ ማያያዝ ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ሰባተኛ፥ ቁልፉ ራሱ መልካም መሆኑን መመርመር ነው። በኢንተርኔት እጅግ በረከሰ ዋጋ የሚሸጡ ቁልፎች ብዙ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ከተሰጠ የብዛት ፈቃድ እየተቈረሱ የሚሸጡ ናቸው። ጥቂት ወር ይሠሩና ኩባንያው ሲደርስበት ይዘጋቸዋል። የዚያን ጊዜ «ዜሮ ኤክስ ሲ 004 ሲ 003» የሚል ቊጥር ይወጣል፤ ቁልፉ ታግዷል ማለት ነው። «ዜሮ ኤክስ ሲ 004 ሲ 008» የሚል ከወጣም ቁልፉ ከተፈቀደለት በላይ በሆኑ መኪናዎች ሠርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፥ ስለ ጎረቤቱ ልጅ ፍላሽ ወደ ተጠየቀው እንመለሳለን። በየሰፈሩ አክቲቬተር ወይም ክራክ እየተባለ የሚዞረው ፕሮግራም አብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በመኪናው ውስጥ የሐሰት ኬ ኤም ኤስ ያቆምና መኪናው በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለ እንዲመስለው ያደርጋል። እውነተኛው ኬ ኤም ኤስ ዊንዶውስ ላላቸው ኮምፒዩተሮች ፈቃድ መስጠት የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒዩተሮች ከጠየቁት በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ባለበት ቤት ኬ ኤም ኤስ አለ ቢሉ፥ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ሐሰትነቱ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ይህን ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ፥ ለፕሮግራሙም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስጡ ይባላል። ዘበኛውን አሰናብቶ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለማይታወቅ እንግዳ ማስረከብ ማለት ነው። በ2021 በአውሮፓውያን መጨረሻ ሬድ ካናሪ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት፥ ኬ ኤም ኤስ ፒኮ በተባለው የታወቀ አክቲቬተር ስም በሚሠራጩ መጫኛዎች ውስጥ ክሪፕትቦት የሚባል ሌባ ፕሮግራም ተደብቆ መገኘቱን አስታውቋል። ይህ ሌባ በብራውዘር የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች እየሰበሰበ ለላኪዎቹ ያስረክባል። ቤተ ሰቡ በዚያው ላፕቶፕ የኢሜልና የባንክ ሒሳቡን የሚከፍት እንደ ሆነ የሚመጣውን መገመት አያዳግትም። ፍላሹን ያመጣው ልጅ ቅን ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከሌላ ተቀብሎ ነው። የጉዳዩ አስቸጋሪነት በዚህ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቁ ሌባው ይገባል።

የሕጉም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። አገራችን የደራሲን መብት በ1952 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አክብራለች። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቊጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል በግልጥ ቈጥሮታል። ዛሬ ብዙ የአገራችን ወጣቶች ፕሮግራም እየጻፉ ለመኖር ይደክማሉ። የሌላውን አገር ደራሲ ድካም በነጻ መውሰድን ያስለመድነው ልጅ፥ ነገ የራሱ ድካም በሌላ ሲወሰድበት በምን አፍ ይከሳል? አባት ለልጁ ሊያወርሰው ከሚገባው ነገር አንዱ ዋጋ ያለው ነገር ዋጋ እንዳለው ማወቅን ነው።

አንባቢያችን ይህን ምክር ተቀብለው የሠሩትን በሁለተኛ ደብዳቤ ገልጠውልናል፤ ለሌሎችም ይጠቅማልና በአጭሩ እንጽፈዋለን። በመጀመሪያ የልጂቱን ጽሑፍና የባለቤታቸውን ፎቶግራፎች በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገለበጡ። ቀጥለው ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄደው የኮምፒዩተር ክፍሉን ኀላፊ ጠየቁ። ኀላፊውም ኢንተርፕራይዝ የተባለው ዓይነት የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የመኪናው አለመሆኑን፥ መኪናው ግን ከፋብሪካ ሲገዛ የፕሮ ፈቃድ በውስጡ ይዞ እንደ መጣ ከግዢው መዝገብ አሳያቸው። የቢትሎከሩንም ቊጥር ሰጣቸው፤ መኪናውንም ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ሰረዘላቸው። ከዚህ በኋላ የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያለ ዋጋ ወርዶ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ፍላሽ ላይ ተዘጋጀ፤ ዲስኩ ተጠርጎ ፕሮ የተባለው ዓይነት ተጫነ። ኢንተርኔቱ በተገናኘ ጊዜ መኪናው ቁልፉን ከማዘር ቦርዱ አንብቦ ራሱን አረጋገጠ። ሥራው ሁሉ የፈጀው አንድ ቅዳሜ ነበር። ልጂቱም ጽሑፏን በቀኑ አስረክባለች።

በዚህ ውስጥ የመንግሥት ሥራ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በተለይ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ዲስኩ የተጠረገው ለፈቃዱ ሲባል ብቻ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት በወጣ ላፕቶፕ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ምሥጢር ተረስቶ ሊቀር ይችላል፤ ያም በልጆች እጅ መዋል የለበትም። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሠራተኛ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት ነገር አድርጎ ቢያስረክብ መልካም ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ፥ ከዝርዝሩ ሰርዞ፥ ከፋብሪካ የመጣውን የፈቃድ ዓይነት በደረሰኙ ላይ ጽፎ። ይህ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ የጡረተኛውን ቤት ከብዙ ድካም ያድናል። ገዢውም ሳያፍር ሊጠይቅ ይገባዋል።

የሁሉም መጨረሻ እንዲህ ያማረ እንደማይሆን እናውቃለን። በመኪናው ውስጥ ምንም ፈቃድ የማይገኝ ሲሆን ሁለት ቀና መንገድ አለ። አንዱ ከታመነ ሻጭ ፈቃድ መግዛት ነው። ዋጋው ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም፤ ወደ ውጭ አገር በካርድ መክፈልም ያስቸግራል። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ፈቃዱ ከመኪናው ጋራ መኖሩን ከሻጩ ፊት ከፍቶ አይቶ፥ በደረሰኙም አስጽፎ ቢገዛ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ያስቀራል። ሁለተኛው መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ ፕሮግራም መጫን ነው። ኡቡንቱ ከ2004 በአውሮፓውያን ጀምሮ ያለ ዋጋ የሚታደል ሲሆን አክቲቬሽን አይጠይቅም፥ አማርኛም ያስጽፋል። ሊብረ ኦፊስ የተባለው ነጻ የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም ለተማሪ ጽሑፍና ለቤት ሒሳብ ይበቃል። መልመዱ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞችም አይሠሩበትም። ይሁን እንጂ ድኻው ቤተ ሰብ አንገቱን ሳይደፋ የሚጠቀምበት ነውና የሚናቅ አይደለም።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምራችሁ እወቁ። ኩባንያው ለዚህ ፕሮግራም በመላው የሚሰጠውን ነጻ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. አቋርጧል። ፈቃዱ የተረጋገጠ ቢሆንም ጥበቃው እየሳሳ ስለሚሄድ፥ መኪናችሁ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም የሚችል መሆኑን አስመርምሩ። የሚችል ከሆነ የተረጋገጠ የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ለዚያው ዓይነት ዊንዶውስ 11 ያገለግላል። ፈቃዱን ሳይረጋገጥ መተው በዚህም በኩል ጉዳት እንዳለው ከዚህ ይታያል።

በመጨረሻ ለቤት እመቤቶችና ለቤት ጌቶች የምናሳስበው ይህ ነው። በቤታችሁ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑር፤ በርሱም ኮምፒዩተሩ የተገዛበት ቀን፥ የሻጩ ደረሰኝ ቊጥር፥ የዊንዶውሱ ዓይነት፥ ፈቃዱ የተያያዘበት አካውንት፥ የቢትሎከሩም ቊጥር ይጻፍ። ደብተሩ ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የልደት ወረቀት ጋራ ይቀመጥ፤ በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አይቀመጥ፥ ሌባ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይወስድ። ፎቶግራፍና ሰነድ በየወሩ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ልጆችም አንድ ማስታወቂያ በመስኮት ላይ ሲወጣ ለመደበቅ ሳይሆን ለማንበብ ይልመዱ፤ ያነበቡትንም ለአባትና ለእናት ይንገሩ። እንዲህ የተጠበቀ መኪና ለቤቱ አገልጋይ ይሆናል፤ ያልተጠበቀ ግን የቤቱን ምሥጢር ለባዕድ የሚያወጣ ይሆናል። እግዚአብሔር ቤታችሁን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅላችሁ።